ሙዚቃው ሳያልቅ አትነሱ

ቃል ያለውን ዘፈን መውደድ ቀላል ነው። ዘፋኙ ራሱ ናፍቆቱን ይናገራል፣ የከዳችውን ይረግማል፣ የወንዙን ልጅ ያወድሳል፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። የኔን ልብ የሚወስደው ግን ያ ቃል የሌለው፣ በፊልም ውስጥ ከሰዎቹ ጀርባ ተደብቆ የሚመጣው ሙዚቃ ነው። ዘፋኝ የለው፣ ጭብጨባ የለው፣ በሬዲዮ «ይመረጥልኝ» ብሎ የሚጽፍለት የለው። ሲመጣ ግን ጉርሻችሁን እጃችሁ ላይ ያስቀረዋል።

ምርጫሽ የቱ ነው ካላችሁኝ የህንድ ፊልም ቫዮሊን ደስ ይለኛል። ሕፃን ሆኖ የጠፋው ልጅ ጢም አብቅሎ በበር ሲገባ፣ እናቱ ገና «ምን ፈልገህ ነው?» እያለችው፣ ቫዮሊኑ አውቆት ያለቅሳል። የነዚያ ባለ ፈረሶችና ባለ ሽጉጦች ፉጨትም አይከፋም፤ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ መርካቶ ሲኒማ ቤት ሲወስደኝ፣ ፉጨቱ እንደ ጀመረ ሰው ሁሉ የወንበሩን ክንድ ይጨብጥ ነበር፤ የሚሞት አለና። ስለ አራዊት የሚያሳዩ ጊዜ ደግሞ ዋሽንት የሚመስል ነገር አለ፤ አንበሳው ሚዳቋዋን እየቦጨቀ እንኳ እንቅልፍ ያመጣል። አንዱን ብቻ አልወደውም። ከዜና በፊት የሚነፋውን ጥሩምባ። በዚያ የጦርነት ዘመን እሱ ሲነፋ ወንድ የወለደች ሁሉ ሆዷን ትይዝ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነበር። ሰውየው ጨለማ ቤት ይገባል፣ ሙዚቃው ያጉረመርማል፣ እኛ «ኧረ ተመለስ!» እንላለን፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች። አንድ ቀን የሐጂ ነስሩን ልጅ ዘሃራን ጠየቅኳት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።

«ይሄ ሰው ደንቆሮ ነው እንዴ? ይሄን ሁሉ ጩኸት ለምን አይሰማም?»

«እትዬ በለጡ፣ ሙዚቃው እኮ ኋላ ነው የሚጨመረው። ለተመልካች ነው እንጂ ለሱ አይደለም።»

«የሱን ጉድ ለኛ ነግረው ለሱ አይነግሩትም?»

«አዎ።»

«ይሄማ ሐሜት ነዋ!»

ዘሃራ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሙዚቃ እንደ ሥራ ባልደረባዬ ነው የማየው። የሰውን ነገር ከባለቤቱ በፊት ማወቅና ማጉረምረም ምን እንደሆነ ከኔ ወዲያ ለማን ይነገራል? በኮልፌ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ከቀበሌ ስብሰባ ቀርቶ የት እንደታየ፣ ባለቤቱ ከመስማቱ በፊት እኔ ዘንድ አድሮ ነው የሚሄደው። ወሬኛ ይሉኛል። ይበሉኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው ሐጂ ነስሩ ቤት ነው። ሐጂ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳሉ። ሳጥኑ መዝጊያ ያለው እንጨት፣ ላዩ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የብርጭቆ ዓሣ። ቅዳሜ ሲመሽ በራቸው ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ክፍት ነው፤ ጫማችንን ደጅ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደ ማገዶ እንደረደራለን። በዚያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታይ አንድ ተከታታይ የፈረንጅ ፊልም ነበር፤ ባርኔጣ ያደረገ መርማሪ ነፍሰ ገዳይ የሚያሳድድበት። ወሬው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛ ከየት ይመጣል? ዘሃራ ትተርጉምልን ስንል እሷ አንዱን እስክትነግረን ሦስት ሰው ይሞታል። ስለዚህ አስተርጓሚያችን ሙዚቃው ነበር። ቀጭኑ ሲንሰቀሰቅ ፍቅር ነው። ወፍራሙ ከመሬት በታች ሲያጉረመርም በር ኋላ ሰው አለ። ሁሉም ባንዴ ጸጥ ካለ ያው አለቀለት ማለት ነው።

ከሁላችን በላይ ያንን ሙዚቃ የምትወደው እትዬ አስካለ ነበረች። ግድግዳ ተጋሪዬ ናት፤ ኮልፌ ገበያ በርበሬ ትቸረችራለች፤ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ያላት። ልጇ ደረጀ የፊልሙን መክፈቻ ሙዚቃ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ ጥሩምባውን በአፉ እየነፋ፣ ከፊልሙ አስበልጦ ይጫወተው ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ በኋላ እናቱ ቅዳሜ ሳትቀር ትመጣለች። የመክፈቻው ሙዚቃ እስኪያልቅ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ፊልም እንደ ትርፍ ነገር ነው የምታየው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእድራችን ዳኛ ጋሼ ወልዴ ቤቴ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«በለጡ፣ በሩን ዝጊው።»

ዘጋሁት።

«ደረጀ የለም።»

አብሮት የዘመተ ጓደኛው ቆስሎ በምርኩዝ ተመልሶ ነው የነገራቸው። በእጁ ቀብሮታል፤ ጥርጥር የለውም። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ግድግዳው ስስ ነው፤ እትዬ አስካለ በወዲያ በኩል በርበሬዋን ስትሰፍር ይሰማል።

«ስሚ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንድሟ ከደብረ ማርቆስ እየመጣ ነው፤ ማታ ይገባል። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ሆነን በወጉ እናረዳታለን። ሐኪም ስለ ልቧ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ደጋፊ ሳይዛት፣ መንገድ ላይ ከሰማች እሷንም ጨምረን ነው የምናለቅሰው።»

«ታዲያ ለኔ ለምን ነገሩኝ?»

«ጠባቂዋ አንቺ ነሻ። ዛሬ ከእግሯ ሥር እንዳትጠፊ።»

«ጋሼ ወልዴ! እኔ? በዚህ አፌ?»

«ለዚሁ እኮ ነው። እሷ ዘንድ ከዋልሽ ሌላ ዘንድ አትሄጂም። ደግሞ አንቺ ካወራሽ ሌላው የሚናገርበት ቀዳዳ አያገኝም።»

ስድብ ይሁን ሙገሳ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብዬ አማተብኩና ወጣሁ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። በርበሬዋን ተሸክሜላት አብሬያት ሄድኩ፤ አጠገቧ ጆንያ አንጥፌ ተቀመጥኩ፤ አፌን ከፈትኩት። ምን ያላወራሁት አለ? የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ሁለተኛ ሚስት፣ የቄሱን ጥርስ ሕመም፣ በአየር ጤና በኩል አዲስ የተከፈተውን ጸጉር ቤት፣ ማን በማን አጥር ላይ ቆሻሻ እንደደፋ። እትዬ አስካለ «እህ» እና «ውይ» እያለች በርበሬዋን ትዘረጋለች።

እኔ የፈራሁት አፍ ያላቸውን ነበር። ለካ መፈራት የነበረበት ደግነት ነው።

ኮልፌ ውስጥ ወሬ በታክሲ አይሄድም፣ በነፋስ ነው። ገና ረፋድ ላይ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው መጣ። አስቡት እስኪ፤ በቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬ፣ ያለ ክርክር! አንዷ የተጠራላትን ዋጋ ከፍላ የእትዬ አስካለን እጅ ሳመች። ሌላዋ ምርቃት እንኳ ሳትጠይቅ ዓይኗን ጠራርጋ ሄደች። ሦስተኛዋ፣ ሁልጊዜ በርበሬው አፈር አለበት እያለች የምትሰድባት ሴት፣ «እንዴት ያለ መልካም በርበሬ ነው እትዬ» አለች። እትዬ አስካለ ከሴትየዋ ኋላ ትክ ብላ አየች።

«ዛሬ ሰዉን ምን ነካው?» አለችኝ።

«ጾሙ እየደረሰ አይደል፤ ልቡ ለስልሶ ነው» አልኩ። ከዚያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በዓይኔ እየጠቀስኩ ወደ ጎን እየሳብኩ «ተከራከሪ! በናትሽ ተከራከሪ!» እያልኩ በሹክሹክታ እለምን ጀመር። አንዲቱ ምስኪን ትእዛዜን ልትፈጽም ብላ «ውድ ነው!» ብላ ጀመረችና፣ «ው» ላይ ድምፅዋ ተሰብሮ ዘምቢሏን ጥላ ሮጠች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቀኑ መሸ። ቤቷ ወስጄ «ብዪ» አልኳት፤ ነገ እህል እንደማይገባላት አውቃለሁና። በላች። ደህና በላች። እጇን ታጥባ ነጠላዋን አነሳች።

«በይ እንሂድ፣ ፊልሙ ሊጀምር ነው።»

ዛሬ፣ ያንን ሙዚቃ? «ዛሬ እንኳ ይቅርብን፣ ደክሞሻል» አልኳት። «እንደውም እኔ ራሴን ያዞረኛል።»

«አንቺ ተኚ ታዲያ። እኔ እሄዳለሁ።»

ብቻዋን እንዳትሄድ ተከተልኳት። ጫማዬን ሐጂ ነስሩ ደጃፍ ላይ ሳወልቅ ጸሎት ላይ ነበርኩ።

እንደገባን ያ ወትሮ የሚንጫጫው ሁሉ ምላሱን ውጦ ምንጣፉን ያያል። ሐጂ ነስሩ ከራሳቸው ወንበር ተነሥተው «እትዬ አስካለ፣ እዚህ ይቀመጡ» አሉ። ያ ወንበር ከሐጂ በቀር ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ተቀመጠች። እኔ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ቢያንስ ከወደቀች በኔ ላይ ትውደቅ ብዬ።

ሙዚቃው ጀመረ። መጀመሪያ ከበሮው፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው በር እንደሚያንኳኳ። ከዚያ ጥሩምባው። ያ ደረጀ በአፉ የሚነፋው። ቀና ብዬ አየኋት፤ እንደ ሁልጊዜው ዓይኗን ጨፍናለች። ከኋላዬ ዘሃራ ትንፋሿን ዋጥ ስታደርግ ሰማሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ በሐጂ ቤት ብቅል ሐራም ነው፣ ሙዚቃው ግን ከብቅል ይብሳል። በየጥጉ የነጠላ ጫፍ ወደ ዓይን ይሄዳል። ገና እኮ መክፈቻው ነው! የሞተ የለም! እኔ በክርኔም በጉልበቴም የደረስኩበትን ሁሉ እጎሽማለሁ።

መክፈቻው አለቀ። እፎይ ልል ስል ታሪኩ ባሰ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ደረጃ ይወጣል። እቃ ገዝቶ፣ እያፏጨ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ እየገባ ነው። ወፍራሙ ሙዚቃ ከመሬት በታች ተነሣ። ሰውየው አንድ ደረጃ ሲወጣ ሙዚቃው አንድ እርምጃ ይጠጋዋል። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ፣ ጮክ ብላ፣ ለሁላችንም እንዲሰማ ተናገረች።

«ምስኪን። ሁላችንም ሰምተናል። እሱ ብቻ ነው ያልሰማው።»

እግዜር ያሳያችሁ። ሐጂ ነስሩ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። እኔ የተናገረችው ስለ ሽማግሌው ይሁን ስለ ሌላ፣ ፊቷን ቀና ብዬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ።

«አይደለም ወይ በለጡ?» አለች።

«እ... ሙዚቃው ኋላ ነው አሉ የሚጨመረው» አልኩ።

«ለማን ብለው?»

«ለተመልካች።»

«እሺ» አለች።

ከኋላ አንዷ መቻል አቅቷት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሽማግሌው ገና በሩን አልከፈተም። «ምነው፣ ሰውዬው እኮ አልሞተም!» አልኳት፤ ለማሳቅ ነበር፤ የሳቀ የለም። ከዚያ ሌላዋ ተከተለች፣ ከዚያ ዘሃራ። ለአንድ የማያውቁት ፈረንጅ ሽማግሌ ቤቱ ሙሉ ሰው ይነፋረቃል። እትዬ አስካለ ብቻ ናት ያላለቀሰችው።

ፊልሙ እንደምንም አለቀ። ጽሑፉ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ሁላችንም እንደ ተፈታ እስረኛ ብድግ አልን። ወትሮም ጽሑፉ ሲወጣ ነው የምንነሣው፤ የመዝጊያውን ሙዚቃ ተቀምጦ የሰማ የሰፈራችን ሰው የለም። ያን ዕለት ደግሞ ከሷ ፊት ለመሸሽ በሩ ጋ ተጋፋን።

«ተቀመጡ» አለች።

ዞር አልን።

«ሙዚቃው አላለቀም። ሙዚቃው ሳያልቅ አትነሱ።»

ተቀመጥን። አንዱ ጫማውን አንድ እግሩ ላይ እንዳጠለቀ ተቀመጠ። የመዝጊያው ሙዚቃ ያው የመክፈቻው ነበር፤ ግን ከበሮው የለበትም፣ ጥሩምባው ብቻውን ነው፣ ዝግ ብሎ። ረጅም መሆኑን ያን ዕለት አወቅን። እትዬ አስካለ ዓይኗን ገልጣ እስከ መጨረሻው ሰማች። ጥሩምባው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ።

ያን ጊዜ ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዞረች፤ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

የለቅሶ አለባበስ ነው። ማንም አንዲት ቃል አልነገራትም ነበር። ከዚያ ጮኸች። ሐጂ ነስሩ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደግፈን ያዝናት፤ ልቧን በመዳፌ እሰማው ነበር፤ እንደ ታሰረች ወፍ ይንፈራገጣል፣ ግን አልቆመም። እግዜር ይመስገን አልቆመም።

ወንድሟ ከአውቶቡስ ወርዶ ጋሼ ወልዴ ዘንድ በቀስታ ሊያርፍ ሲመጣ ድንኳን እየተተከለ ደረሰ። ካለቀሰ በኋላ ጋሼ ወልዴን ጥግ ይዞ ምን አላቸው መሰላችሁ? «ለእህቴ መርዶውን በቴሌቪዥን ነው የነገራችኋት?»

ለቅሶው እንዳለፈ እድሩ ተሰበሰበ። የስብሰባው አጀንዳ እኔ ነበርኩ። ተናግራለች፣ አፏን መያዝ አልቻለችም፣ ድሮስ ለሷ አደራ ይሰጣል ወይ ተባለ። ብምል፣ ብገዘት ማን ይመነኝ? ዕድሜ ልኬን ስናገር ኖሬ የቀጣኝ የለም፤ አንድ ቀን አፌን ብይዝ ችሎት ቆምኩ! ቅጣት ሊቆርጡብኝ ሲሉ እትዬ አስካለ በጥቁር ልብሷ ገባች።

«በለጡ አልነገረችኝም» አለች።

«ታዲያ እንዴት አወቅሽ?» አሉ ጋሼ ወልዴ።

«ልጄ ከሄደ ጀምሮ ጠዋት ስታየኝ ከደህና አደርሽ በፊት የምትለኝ ‹ከደረጀ ወሬ አለ?› ነው። ያን ቀን የአገሩን ሰው ስም ሁሉ እየጠራች ስትቦጭቅ ዋለች፤ የልጄን ስም አንድ ጊዜ አላነሣችም። በርበሬዬን ዘርግቼ ሳልጨርስ ነው የገባኝ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ገበያው ሳይሞቅ ነቅዟል።

ጋሼ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አስካለ፣ ታዲያ ቀኑን ሙሉ እንዴት ቻልሽው?»

«መርዶ ጎህ ሲቀድ አይደል የሚነገረው? ለነገ እንዳላችሁ አወቅኩ። እስከ ነገ ልጄ አልሞተም ብዬ ነዋ። ሙዚቃውንም እሱ እያለ ልስማው ብዬ። ከዚያ ግን ሲያልቅ... አልቻልኩም። ነገ ድረስ መቆየት አቃተኝ። ወንድሜን ይቅርታ በሉልኝ።»

ቅጣቴ ቀረ። ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም፤ አልጠብቅምም፤ ወሬኛን ይቅርታ የሚጠይቅ እድር አልተቋቋመም።

ለሐዘኑ ክብር የሐጂ ነስሩ ቴሌቪዥን እስከ አርባው ተዘግቶ ቆየ። ከአርባው በኋላ አንድ ቅዳሜ እትዬ አስካለ በጥቁሯ መጥታ ምንጣፉ ላይ እኔ አጠገብ ተቀመጠች። ማንም ወደ እሷ አያይም። ስለ ደረጀ ማንም አይናገርም፤ በስሙ የሚጠራ ሌላ ልጅ እንኳ በሰፈሩ ቢኖር «አንተ ልጅ» ይባል ነበር። ከበሮው ሊጀምር ሲል ዘሃራ፣ አዝና ነው፣ ብድግ ብላ ድምፁን አጠፋችው። ባለ ባርኔጣው መርማሪ አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ይሄዳል።

እትዬ አስካለ ተነሣች። በሰው መሐል እየረገጠች ሄዳ ቁልፉን አዞረችው፤ አዞረችው፤ ዳንቴሉ ላይ ያለው የብርጭቆ ዓሣ እስኪንቀጠቀጥ አዞረችው።

«ልጄ ነው የሞተው እንጂ ጆሮዬ አልሞተም» አለች። ተመልሳም ተቀመጠች።

እኔ ጠጋ አልኳት። «እትዬ አስካለ፣ ደረጀ ቢኖር ዛሬ የት ይቀመጥ ነበር?»

ቤቱ ሙሉ ሰው በዓይኑ ጎረሰኝ። ሐጂ ነስሩ «አስተግፊሩላህ» አሉ። እሷ ግን ወደ በሩ በእጇ አመለከተችኝና መናገር ጀመረች። ለምን እዚያ እንደሚቀመጥ፣ በልጅነቱ ከማን ጋር በቦታ እንደተደባደበ፣ የማን ልጅ ፊት ለፊት እንድትሆንለት ይፈልግ እንደነበር። የመጨረሻውን ነገር እኔ እንኳ አላውቅም ነበር! ሰዉ አንድ አንድ እያለ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ዘሃራም ምንጣፉ ላይ ወረደች።

ያን ምሽት ባለ ባርኔጣው ማንን እንደያዘ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።